ዋስ ያለው ውሻ፦ በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች ለተጣሉ ውሾች በበይነ መረብ ቤት ስለማፈላለግ

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በሌሎቹም የወለጋ ከተሞች በየሥጋ ቤቱ ደጃፍና በየገበያው ዳር የሚታየውን ውሻ የመንግሥት ደብዳቤም የመንገደኛ አንደበትም «ባለቤት አልባ» ብሎ ይጠራዋል፤ ይሁን እንጂ ይህ ስያሜ ቢያንስ ሦስት የማይመሳሰሉ ኑሮዎችን በአንድነት ጠቅልሎ የሚይዝ በመሆኑ፣ ለውሻ ቤት ስለማፈላለግ የሚደረግ ንግግር አስቀድሞ ይህን ስያሜ መፍታት ይኖርበታል። የመጀመሪያው ሌሊቱን ግቢ ሲጠብቅ አድሮ ጎሕ ሲቀድ በር ተከፍቶለት ቀኑን ሙሉ እንደ ልቡ የሚዞር፣ ባለቤት ያለው ውሻ ነው። ሁለተኛው የሰፈር ውሻ ሲሆን፣ ሥጋ ሻጩ አጥንት፣ ዘበኛው ፍርፋሪ፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት የተረፈ እንጀራ እየጣሉለት የሚኖር፣ የሁሉም ሆኖ የማንም ያልሆነ ፍጡር ነው። ሦስተኛው በእርግጥ የተጣለው ነው፤ ይኸውም ባለቤቱ ቤት ሲለቅ ትቶት የሄደ፣ ወይም ሴት ሆና በመወለዷ ብቻ ዓይኗ እንደተገለጠ በካርቶን ተደርጋ ወንዝ ዳር የተተወች ቡችላ ናት። በአፍሪካ ከተሞች የውሾችን ኑሮ ያጠኑ ባለሙያዎች ደጋግመው እንዳስተዋሉት፣ በመንገድ ከሚታዩት ውሾች አብዛኞቹ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ ማንም የሌላቸው ከሚታሰበው በእጅጉ ያነሱ ናቸው።

ይህን መለየት ለቃላት ጨዋታ ያህል የሚደረግ አይደለም። አንድ ርኅሩኅ ወጣት በመንገድ ያገኘውን ውሻ ፎቶ አንሥቶ፣ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ አሠራጭቶ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ለሌላ ከተማ ሰው ቢያስረክብ በጎ ሥራ የሠራ ይመስለዋል፤ ውሻው ግን ሁለት ቅያስ ርቆ ያለ የአንዲት ባልቴት ብቸኛ ዘበኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በበይነ መረብ የሚወጣ የመጀመሪያው ማስታወቂያ «ይህን ውሻ ማን ይውሰደው?» ሳይሆን «ይህ ውሻ የማን ነው?» የሚል መሆን ይገባዋል፤ በወለጋ ከተሞች ሁኔታ ከማኅበራዊ ሚዲያ የሚገኘው ትልቁ ጥቅምም ምናልባት አዲስ ባለቤት ማምጣቱ ሳይሆን የቀድሞውን ማግኘቱ ነው።

ሁለተኛው ሊፈታ የሚገባው ቃል ራሱ የሥራው ስም ነው። በሌላው ዓለም ውሻን ከመጠለያ ወስዶ ማኖር ልጅን ከማሳደግ ጋር በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ማደጎ» ወይም «ጉዲፈቻ» ሲባል ይሰማል። ጉዲፈቻ ግን ከኦሮሞ ሕዝብ ሥርዓት ወጥቶ በአማርኛ የሕግ ቋንቋ ውስጥ የገባ፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ራሱን የቻለ ምዕራፍ የሰጠው፣ የሌላ ሰው አብራክ ክፋይ የሆነን ሕፃን እንደ ራስ ልጅ የማሳደግ ክቡር ቃል ኪዳን ነው። ቃሉ የሕዝቡ በሆነበት በወለጋ ምድር ለውሻ «ጉዲፈቻ» ማለት አዋቂ ሽማግሌን ከማስቆጣት አልፎ ሥራውንም ከጅምሩ የፌዝ ያስመስለዋል። በዚህ ጽሑፍ የተመረጠው «ርክክብ» የሚለው የቢሮ ቃል ነው፤ ርክክብ ሲባል አስረካቢና ተረካቢ እንዳሉ፣ የሚተላለፈው ነገር ተቆጥሮና ታይቶ እንደሚሰጥ፣ ሁለቱም እንደሚፈርሙበት ማንም የንብረት ክፍል ሠራተኛ ያውቃል። ደረቅ ቃል መሆኑ አይካድም፤ ለተጣለ ውሻ የጎደለው ግን ፍቅርን የሚገልጽ ቃል ሳይሆን የሚጠየቅለት ሰው ነው።

ውሻ የሚጠየቅለት ሰው ማጣቱ ከሁሉ በፊት የጤና ጉዳይ ሆኖ ይታያል። በአማርኛ የእብድ ውሻ በሽታ፣ በአፋን ኦሮሞም ከ«ሰሬ መራቱ» ማለትም ከእብድ ውሻ ጋር ተያይዞ የሚጠራው ሬቢስ በበሽተኛው እንስሳ ምራቅ አማካይነት በንክሻ የሚተላለፍ፣ የነርቭ ሥርዓትን ተከትሎ ወደ አንጎል የሚዘልቅ ቫይረስ ሲሆን፣ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በያዘው ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው ከመቶ 99 ያህሉ ከውሻ የሚመጣ ሲሆን፣ ከሟቾቹ ከመቶ 40 የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በኢትዮጵያም በሽታው አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1903 በወረርሽኝ መልክ መነሣቱ ተመዝግቧል። በኋላም በቀድሞው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩትና እርሱን ተክተው እስከ ዛሬው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ድረስ በዘለቁት ተቋማት ለረጅም ዘመን ይዘጋጅ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ ነበር፤ ዛሬ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ ስለነበረ መርፌ ሲያወሩ ይህንኑ ማስታወሳቸው ነው፤ የዚያ መርፌ ፍርሃትም ስንቱን ሰው ከጤና ጣቢያ አርቆ ወደ ባሕል መድኃኒት አዋቂና ወደ ጠበል ብቻ እንዲያዘነብል እንዳደረገ መገመት አያስቸግርም።

የከተሞች አስተዳደር ለዚህ ሥጋት ሲሰጥ የኖረው መልስ በአብዛኛው መርዝ ነበር። ስትሪክኒን የተባለው፣ ጡንቻን በኃይል እያኮማተረ ትንፋሽ አሳጥቶ የሚገድል መርዝ በሥጋ ተለውሶ ሌሊት በየጎዳናው ይጣላል፤ ሲነጋ ሬሳ ይሰበሰባል። ይህን አሠራር በመቃወም ከተነሡት ኢትዮጵያውያን መካከል በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ይሠሩ የነበሩና ቤት አልባ እንስሳትን የሚጠብቅ ማኅበር ያቋቋሙ ሰዎች ይገኙበታል። የባሌ ጉዳይ ለወለጋ ሩቅ ቢመስልም ትምህርቱ ቅርብ ነው፤ በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ የቀረው፣ በኢትዮጵያ እንጂ በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ከዚያም በ2003 ከቤት ውሾች በተላለፈ ሬቢስ በባሌ በብዛት አልቋል፤ ከዚያ በኋላ የተያዘው ዋና መንገድም በፓርኩ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ውሾችን መከተብ ሆነ።

መርዝ ለምን እንደማይሠራ የኢንዶኔዥያዋ የፍሎሬስ ደሴት ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ሬቢስ ወደዚያች ደሴት እ.ኤ.አ. በ1997 እንደገባ ባለሥልጣናቱ ውሾችን በጅምላ ወደ መግደል ሄዱ፤ ከደሴቲቱ ውሾች እጅግ ብዙው ተገደለ፤ በሽታው ግን አልጠፋም። ምክንያቱ የውሻን ጠባይ ለሚያውቅ አይሰወርም። ቆሻሻው፣ የሥጋ ቤቱ አጥንትና የቄራው ትርፍራፊ እስካለ ድረስ የሞተው ውሻ የለቀቀውን ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጣ፣ ማንም የማያውቀውና ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል፤ የተከተበውም ካልተከተበው ጋር አብሮ ይሞታል፤ ውሻውን የሚወድ ሰውም ደብቆ ወይም ወደ ሌላ መንደር አሽሽቶ በሽታውን ራሱ ያጓጉዘዋል። በአንጻሩ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ቢከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚሻገርበት ሰንሰለት ይበጠሳል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ውሻ ወዳዶችን ሊያስገርም ይችላል፤ የተከተበና በሰፈሩ የታወቀ የጎዳና ውሻ ካለበት ባይነሣ ይሻላል፤ እርሱ ለሰፈሩ አጥር ነው፤ ቤት ሊፈለግለት የሚገባውም የሦስተኛው ወገን ውሻ፣ በእርግጥ የተጣለው ነው።

በበይነ መረብ ቤት ማፈላለግ የሚባለው አሠራር ከየት እንደመጣ ማወቅ ደግሞ እዚህ ሲተከል የሚጎድለውን ለማየት ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የተጀመረው ፔትፋይንደር የተባለው ድረ ገጽ መጠለያዎች የያዟቸውን እንስሳት ዝርዝር ከነፎቷቸው በአንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ፈላጊው በዕድሜ፣ በጾታ፣ በመጠንና በርቀት እየለየ እንዲያገኛቸው የሚያደርግ ነው። የሥራው ጉልበት ያለው ግን በስክሪኑ ላይ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ በስተጀርባ ውሻውን የያዘ፣ የመረመረ፣ የከተበ፣ ጠባዩን ለሳምንታት ያየ፣ ተረካቢው ካልተስማማው መልሶ የሚቀበል መጠለያ አለ። መጠለያ ማለትም ምግብ፣ ሐኪም፣ ጽዳትና ደመወዝተኛ ያለው ቋሚ ተቋም ነው፤ ለንደን ውስጥ በባተርሲ ስም የሚታወቀው የውሾች ቤት እ.ኤ.አ. ከ1860 ጀምሮ ሲሠራ መኖሩን ያየ ሰው ድረ ገጹ በዚያ ረጅም ሥራ ላይ የተቀመጠ ቀጭን ሽፋን መሆኑን ይረዳል። ሽፋኑን ብቻ ወስዶ መጠለያ በሌለበት ከተማ የቴሌግራም ቻናል መክፈት ቀላል ነው፤ ውሻውን የማያውቅን ሰው ውሻውን ከማያውቅ ሌላ ሰው ጋር ከማገናኘት ግን አያልፍም።

መጠለያው በሌለበት ቦታ ምን ይተካዋል? እዚህ ላይ የአገሩ ልማድ ራሱ መልስ አለው፤ እርሱም ዋስ ነው። በነቀምቴ ቤት የሚከራይ፣ በሱቅ ተቀጥሮ ገንዘብ የሚይዝ፣ ከማኅበር የሚበደር ሰው ሁሉ «ዋስህ ማን ነው?» ይባላል፤ ዋስ ማለትም ለሌላው ሰው ቃል ራሱን መያዣ አድርጎ የሚያቀርብ፣ ነገር ሲበላሽ የሚጠየቅ የታወቀ ሰው ነው። ውሻ የሚረከብ ሰውም አንድ ዋስ ቢጠራ፣ ማለት የእድሩን ዳኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የወጣቶች ክፍል ኃላፊ፣ የመስጊዱን ሽማግሌ፣ የሚሠራበትን ቤት ባለቤት ወይም የሰፈሩን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢያቀርብ፣ በሌላ አገር ብዙ ገጽ ቅጽ የሚጠይቀው ማጣራት በአንድ የስልክ ጥሪ ያልቃል። ዋሱ የሚጠየቀው ገንዘብ አይደለም፤ ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ሰውዬው በተባለው ቦታ መኖሩን፣ ግቢ ወይም ማሰሪያ ቦታ ያለው መሆኑን፣ ውሻው ቢያስቸግረው ሳይጥለው ወደ አስረካቢው እንደሚመልሰው። ይህ ዓይነቱ አሠራር በሕግ የተደነገገ ባይሆንም ከተቋም አልባ መልካም ፈቃድ እጅግ የጠነከረ ነው፤ ሰው በወረቀት ፊት የማያፍረውን ያህል በዋሱ ፊት ያፍራልና።

ማስታወቂያው ራሱ እንዴት መጻፍ አለበት የሚለው ጉዳይ ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው «ቆንጆ ቡችላ በነፃ» የሚለው ዓይነት ጽሑፍ ሁለት ሰዎችን ይጠራል፤ አንደኛው ልጁ ስላለቀሰበት ዛሬ ወስዶ ቡችላው ሲያድግ የሚጥል፣ ሁለተኛው በነፃ ወስዶ የሚሸጥ ነው። «የፈረንጅ ውሻ» የሚባሉት የውጭ ዝርያዎች፣ በተለይም ጀርመን ሸፐርድን የሚመስሉት፣ ገበያ ስላላቸው ይህ ሁለተኛው ሰው በእነርሱ ዙሪያ አይጠፋም፤ «የሀበሻ ውሻ» ግን ከዚህ ክፉ ዕድል ዋጋ ስለሌለው ብቻ ይተርፋል። ጥሩ ማስታወቂያ ውሻው የት አካባቢና መቼ እንደተገኘ፣ ጾታውን፣ በጥርሱ የተገመተ ዕድሜውን፣ በሰው ጉልበት የተለካ ቁመቱን፣ መከተቡንና የተከተበበትን ቀን፣ መምከኑን፣ ከልጆችና ከሌላ ውሻ ጋር ያለውን ጠባይ፣ በተለይም ዶሮና ፍየል ይተው እንደሆነ ይናገራል። የመጨረሻው ጥያቄ በአውሮፓ ማስታወቂያ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ በወለጋ ከተሞች ግን ብዙው ግቢ ዶሮ የሚያረባ በመሆኑ ዶሮ የሚያሳድድ ውሻን ሰውሮ ማስረከብ ውሻውን በሳምንቱ ለዱላ መስጠት ነው። ጉድለትን መደበቅ አይገባም፤ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸውም ውሻ ቢሆን እውነቱ ከተነገረለት የሚፈልገው አያጣም፤ ዘበኛ የማያሻው፣ ጓደኛ የሚያሻው ሽማግሌ በየሰፈሩ አለና።

ፎቶውም ቢሆን ራሱን የቻለ መልእክት ነው። ከላይ ወደ ታች የተነሣ፣ ውሻው አንገቱን ሰብሮ ጭራውን በእግሮቹ መካከል የሸሸገበት ፎቶ የሚፈራ ወይም የሚናከስ ያስመስለዋል፤ አንሺው ተንበርክኮ በውሻው ዓይን ትክክል፣ በጠዋት ብርሃን ሲያነሣው ያው ውሻ ሌላ ሆኖ ይታያል። ቁስልና እከክ ጎልቶ የሚታይበት ፎቶ ደግሞ ልብ ይነካል፤ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ግን ተረካቢ ሳይሆን ገንዘብ ነው። በታመመ እንስሳ ምስል ገንዘብ መሰብሰብ በየአገሩ የማጭበርበሪያ መንገድ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ አገር ሊረዳ የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ በቀጥታ ለሕክምና ቦታው ወይም መድኃኒቱን ለሚሸጠው ፋርማሲ መክፈሉ የሚመረጥ ነው።

የቋንቋው ነገርም አለ። በወለጋ ከተሞች የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ሲሆን፣ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ቋንቋው የሚጻፈው ቁቤ በተባለው በላቲን ፊደል ላይ በተመሠረተ ሥርዓት ነው፤ ነጋዴው፣ ተማሪውና የሌላ ክልል ተወላጁ ደግሞ አማርኛ ያነባል። በአንዱ ቋንቋ ብቻ የወጣ ማስታወቂያ ከከተማው ከፊሉን ይስታል፤ ከዚህም በላይ የአንድ ሰፈር ስም በግዕዝ ፊደል በሁለት በሦስት ዓይነት፣ በቁቤም በሌላ ዓይነት ስለሚጻፍ፣ ፈላጊው በስልኩ ሲፈልግ አንዱን አግኝቶ ሌላውን ያጣል። የሰፈሩን ስም በሁለቱም ፊደል መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የውሻውን ስም መጻፍ ግን ብዙ አይረዳም፤ «ቡቺ ጠፋ» ተብሎ ቢወጣ የአገሩ ግማሽ ውሻ ወደ ስሙ ይመጣል።

ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ከዚህ ሁሉ ውጭ መሆኑም አይዘነጋም፤ ውሻ በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰው፣ ማለትም በከተማው ዳርቻ አህያ፣ በግና ጥጃ ያለው፣ ሌሊት ጅብ የሚመላለስበት ገበሬ ብዙ ጊዜ ይኸው ሰው ነው። ስለዚህ ከስልክ ላይ ያለው ማስታወቂያ በእንስሳት ጤና ክሊኒክ ግድግዳ፣ በወፍጮ ቤትና በከብት ገበያ መግቢያ በወረቀት ሲለጠፍ ነው ሥራውን የሚጨርሰው። የቴሌግራም ቡድኑ መዝገብ፣ ወረቀቱ ደግሞ አዋጅ ነው ቢባል አያሳስትም።

ከርክክብ በፊት የሚመጣው የጤና ሥራ ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉም ሊዛባ አይገባም። ሰው የነከሰ ውሻ፣ ምንም ያህል ጤነኛ ቢመስል፣ ለአሥር ቀን ታስሮ ወይም ተዘግቶበት ሳይታይ ለማንም አይተላለፍም፤ በምራቁ ቫይረስ የሚያስተላልፍ ውሻ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታልና። የተነከሰው ሰው ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም፤ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ቀጥሎ ያለው ክትባት ነው፤ ቡችላ የሬቢስን ክትባት የሚወስደው ሦስት ወር ሲሞላው ሲሆን፣ ከእናቱ የሚለየው ግን ከስምንት ሳምንት በፊት መሆን ስለሌለበት፣ በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል የሚረከብ ሰው ክትባቱን ራሱ እንደሚያስፈጽም በዋሱ ፊት ቃል ይገባል።

ከሬቢስ ያነሰ ወሬ ያለው፣ በወለጋ ግን ችላ ሊባል የማይገባው ሌላ ነገር የውሻ የአንጀት ትል ነው። ኢኪኖኮከስ የሚባለው ይህ ትል በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር ደቃቅ ፍጡር ሲሆን፣ እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ከብት በሣር፣ ሰው በእጁና ባልታጠበ አትክልት ሲወስደው በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። በኢትዮጵያ ቄራዎች ሥጋ መርማሪዎች ሳንባና ጉበት እንዲወገድ ከሚያደርጉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ከረጢት ነው። በበዓል ቀን በየጓሮው በሬና በግ ሲታረድ ይህን የመሰለ ጉበት «ለውሻ ጣለው» ይባላል፤ ውሻውም በልቶት ትሉን ያረባዋል፤ ዙሩ እንዲህ ይቀጥላል። ስለዚህ ተረካቢው ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት በሐኪም ምክር መስጠትና ጥሬ የሆድ ዕቃ አለመጣል ይጠበቅበታል። ከጤና ሥራዎቹ ሁሉ የሚከብደው ግን ማምከን ነው። በሬ፣ በግና ፍየል ማኮላሸት ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው ሙያ በመሆኑ የወንዱ ነገር አያስደነግጥም፤ የሴቷ ግን ሆድ ተከፍቶ እንቁላል ማመንጫዋና ማሕፀኗ የሚወጣበት ቀዶ ሕክምና ስለሆነ ማደንዘዣ፣ ንጹሕ ክፍልና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። አንዲት ሴት ውሻ ሁለት ወር ብቻ አርግዛ ብዙ ቡችሎች የምትወልድ መሆኗን ያሰበ ሰው የአንዷ ቀዶ ሕክምና የስንት ማስታወቂያ ድካም እንደሚያስቀር ይገባዋል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ነቀምቴ ላይ ያለው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለው በመሆኑ፣ ተማሪዎቹ በመምህራን እየታዩ የሚለማመዱበት የማምከኛ ቀን ቢያዝ ለትምህርቱም ለከተማውም የሚበጅ ነው፤ ይህ ከምኞት ያለፈ፣ በብዙ አገር የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት ልማድ ነው።

የወለጋን ሁኔታ ከሌሎች የሚለየው የመፈናቀል ታሪኩ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአጎራባቹ የካማሺ ዞን የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ገብተዋል፤ ከዚያ በኋላም በየጊዜው በተነሣው ግጭት ሰው መንደሩን ጥሎ ወደ ከተማ ሸሽቷል። ሰው ልጁን አዝሎ ሲሸሽ ውሻው ይቀራል፤ ወይም ተከትሎ መጥቶ በማያውቀው ከተማ ይባዝናል። በሰው ስቃይ መካከል የውሻን ነገር ማንሣት ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የካትሪና ማዕበል ኒው ኦርሊንስን ባጥለቀለቀበት ጊዜ ብዙ ሰዎች እንስሳቸውን ትተው አንሄድም ብለው በመቅረታቸው ሕይወታቸው ለአደጋ ተጋልጧል፤ በቀጣዩ ዓመትም የአገሩ ሕግ አውጪዎች የአደጋ ጊዜ ዕቅዶች የቤት እንስሳትን እንዲያካትቱ ደንግገዋል። ከዚያው አደጋ የተገኘ ሌላ ትምህርት አለ። ከውሃው የወጡት ውሾች በበይነ መረብ አማካይነት በፍጥነት ሩቅ ላሉ ሰዎች ተሰጡ፤ ወራት ቆይተው የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ሲመጡ አዲሶቹ «አንመልስም» በማለታቸው ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የተፈናቀለ ሰው ውሻ የተጣለ ውሻ አይደለም፤ ስለዚህ በወለጋ ከተሞች እንዲህ ያለው ውሻ በርክክብ ሳይሆን በአደራ ቢሰጥ፣ ማስታወቂያውም «ባለቤቱ እስኪመጣ የሚያቆይ» ቢል ለፍትሕ የቀረበ ነው። በአደራ የተቀመጠ ነገር እንደማይበላ የሚያውቅ ሕዝብ ልዩነቱን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በይነ መረቡ ራሱም የማይታመንበት ጊዜ እንዳለ የወለጋ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል፤ በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በወለጋ ዞኖች የስልክና የበይነ መረብ አገልግሎት ተቋርጦ ቆይቷል። የውሾቹ መዝገብ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያ ወቅት የትኛው ውሻ ለማን እንደተሰጠ፣ የትኛው መቼ እንደሚከተብ ማንም ሊያውቅ ባልቻለ ነበር። በደብተር የተጻፈ ግልባጭ ያስፈልጋል የሚባለው ከኋላ ቀርነት አይደለም።

በሕግ በኩል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ጉዳይ ያልታሰበ ጥቅም አለው። አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ እንስሳው በድንገት ከእጁ አምልጦ እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይኸው ሕግ ያመለጠ ለማዳ እንስሳ ባለቤቱ ለአንድ ወር ሳይፈልገው ሲቀር ጌታ እንደሌለው ነገር የሚቆጠርበትንም መንገድ ያውቃል። ከእነዚህ ሁለት ሐሳቦች ለውሻ ማስታወቂያ ጠቃሚ ልክ ይወጣል፤ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ቢያንስ አንድ ወር በአደባባይ ቢቆይና ፎቶው ከነቀኑ ቢቀመጥ፣ ተረካቢው በኋላ ሌባ ከመባል ይድናል፤ ርክክቡ ቀን ተጽፎበት ሲፈረም ደግሞ ውሻው ነገ ሰው ቢነክስ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ከአከራካሪነት ይወጣል። ብዙ ሰዎች ለዓመታት የሚያበሉትን ውሻ «የእኔ አይደለም» የሚሉት ይህንኑ ተጠያቂነት በመሸሽ ነው፤ «ባለቤት አልባ» የሚለው ስያሜ በከፊል የተፈጠረውም በዚህ ሽሽት ነው ማለት ይቻላል።

ጥቂት ቃል ደግሞ ውሻን ወደ ውጭ አገር ስለመውሰድ ሊባል ይገባል፤ ለሥራ መጥተው በወለጋ የቆዩ የውጭ ዜጎችና ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጡ የአካባቢው ተወላጆች አልፎ አልፎ ይህን ይመኛሉና። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ ውሻ በመጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ማለትም በቆዳው ሥር የሚቀበርና በመሣሪያ ሲነበብ ቁጥር የሚያሳይ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ምልክት፣ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ ይከተባል፤ ከክትባቱ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ደሙ ተወስዶ በታወቀ ላቦራቶሪ የመከላከያ ኃይሉ በሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት የማያንስ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮም ሦስት ወር ይጠበቃል። አሜሪካም ኢትዮጵያን የውሻ ሬቢስ ሥጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች መካከል የምትቆጥራት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ወዲህ ማንኛውም ገቢ ውሻ ማይክሮቺፕ ያለውና ስድስት ወር የሞላው እንዲሆን ታስገድዳለች። በዚህ ሁሉ ላይ ከነቀምቴ አዲስ አበባ ያለው 330 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይጨመራል። ለአንድ ውሻ የሚወጣው ይህ ወጪ በነቀምቴ ስንት ውሾችን እንደሚያስከትብ ማስላት ለላኪው ይተዋል።

ርክክቡ ከተፈጸመ በኋላ ከአስረካቢው ወገን ሦስት ጉብኝት ይበቃል። የመጀመሪያው በሳምንቱ ነው፤ ውሻ ወደ ቀድሞ ሰፈሩ ለመመለስ የሚሞክረው ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ቀናት በመሆኑ፣ ገመዱ እንዳያንቀውና ቢያመልጥም ማስታወቂያው ወዲያው እንዲወጣ ይታያል። ሁለተኛው በወሩ ነው። ሦስተኛው በዓመቱ ክትባቱ የሚታደስበት ቀን ሲሆን፣ ለዚህ አመቺው ጊዜ መስከረም 18 አካባቢ ነው፤ የዓለም የሬቢስ ቀን በአብዛኛው ከመስቀል ማግሥት ይውላል፤ በዚያን ሰሞን የሄደው ሁሉ ወደ ቤቱ ተመልሶ ይገኛል፤ በየደጁም አጥንት ስላለ ውሻው የትም አይርቅም። ጎብኚው ያን ዕለት ደብተሩን ገልጦ ከውሻው ስም፣ ከተረካቢውና ከዋሱ ስም ቀጥሎ ያለውን ዓምድ ይሞላል፤ ተረካቢው ከተማ ለቆ ከሆነም የሚደውለው ለዋሱ ነው።